የአምባሳደሩ ሚስት ባሮነስ ክሩደነር፦ ታሪክ የሚያስታውሳት በትክክለኛው ሥራዋ ነው?

ቀለም ወዳድ
ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ስለ አንዲት ሴት ላወያያችሁ ነው። ዩሊያነ ፎን ክሩደነር ትባላለች። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው በ1764 ሪጋ ከተማ ነው። አባቷ ኦቶ ሄርማን ፎን ፊቲንግሆፍ ከሀብቱ ብዛት የተነሳ «የሊቮንያ ግማሽ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ ሊቮንያ የሚባለው የዛሬዎቹ ላትቪያና ኢስቶኒያ አካባቢ ነው። ለሪጋ ቲያትር ቤት ያቋቋመላትም እሱ ነው። በ1782፣ ገና 18 ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ለባሮን ቡርክሃርድ አሌክሲስ ፎን ክሩደነር ዳሯት። ሰውዬው የሩሲያ ዲፕሎማት ነው። በዕድሜ በጣም ይበልጣታል፤ ከፊተኛ ትዳሩም ሶፊ የምትባል ልጅ አለችው። በ1784 ወንድ ልጅ ወለዱ። የክርስትና አባቱ ኋላ ዛር የሆነው አልጋ ወራሹ ጳውል ስለነበር ልጁም ጳውል ተባለ። በዚያው ዓመት ባሮኑ ቬኒስ ተሾመ። በ1786 ደግሞ ወደ ኮፐንሃገን ተዛወረ።

ቬኒስ ሳሉ አንድ ነገር ሆነ። አሌክሳንደር ስታኪየቭ የሚባል የኤምባሲው ወጣት ጸሐፊ ወደዳት። ለእሷ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ኋላ ሲሄድ ሁሉን ነገር ጽፎ ለባልየው ተናዘዘ። ባልየውም ደብዳቤውን ወስዶ ለሚስቱ ሰጣት። ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት የሰውየውን ጨዋነት ሊያሳያት ነው። እሷ ግን ደብዳቤው ውስጥ ያየችው በቤቷ የሌለውን ፍቅር ነው። ከዚያ በኋላ ትዳሩ አልረጋም። በ1789 ለጤናዬ ብላ ፈረንሳይ ወረደች። ሞንፔሊዬ ላይ ፍሬዥቪል ለሚባል ወጣት መኮንን ልቧ ሸፈተ። ኮፐንሃገን ተመልሳም ባሏን ፍቺ ጠየቀችው። እሱ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲያ የኖሩት ባብዛኛው ተለያይተው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ደራሲ ሆነች፤ በ1804 ወደ እግዚአብሔር ተመለሰች፤ በ1815 የዛር አሌክሳንደር ቀዳማዊ መንፈሳዊ መካሪ ሆነች። ስሟ በመጻሕፍት የሚነሳው «ቅዱስ ኅብረት» ከሚባለው የሦስቱ ነገሥታት ውል ጋር ነው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ይህች ሴት ልትታወስ የሚገባት በዛሩ አይደለም። በ1816 እና በ1817 በረሃቡ ዘመን በሠራችው ሥራ ነው። እሱን ግን ብዙዎቹ ጸሐፊዎች በሁለት መስመር ያልፉታል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጥያቄ አለኝ
ጥሩ ርዕስ ነው። ግን ሪጋ ተወልዳ፣ የሩሲያ አምባሳደር አግብታ፣ እንዴት ነው ጀርመናዊት የምትባለው?

ቀለም ወዳድ
ሪጋ ያኔ በዛሩ ግዛት ውስጥ ብትሆንም ርስቱም፣ የከተማው ሹመትም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በጀርመኖች እጅ ነበር። የሷም ቤተሰብ ከእነዚሁ የባልቲክ ጀርመን መኳንንት አንዱ ነው። ሃይማኖታቸው ሉተራዊ ነው። ለዛሩ ማገልገል ደግሞ ለእንደነሱ ዓይነቱ ቤተሰብ ደንበኛ እንጀራ ነበር። በእናቷ በኩል ያለው የፊልድ ማርሻል ሙኒኽ ዘርም እንዲሁ ነው፤ ጀርመን ተወልዶ ለሩሲያ የተዋጋ ሰው ነው። እሷ ራሷ መጽሐፏን የጻፈችው በፈረንሳይኛ ነው። የዘመኑ መኳንንት እንዲህ ነበሩ።

የድሮ መዝገብ
ስለ ባልየው ትንሽ ልናገር። ሁሌ «ቀዝቃዛ ሰው» እየተባለ ይታለፋል። እኔ ግን በጣም አዝንለታለሁ።

በ1800 በርሊን አምባሳደር ሆኖ ተሾመ። እሷም ወደሱ ተመለሰች። በመጋቢት 1801 ዛር ጳውል አንድ ትእዛዝ ላከበት። የፕሩሲያ ንጉሥ ሐኖቨርን (የእንግሊዝ ንጉሥን የጀርመን ግዛት) ካልያዘ በ24 ሰዓት ውስጥ በርሊንን ለቀህ ውጣ የሚል ነው። ይህ ማለት ጦርነት ማለት ነው። ደብዳቤው በሴንት ፒተርስበርግ አስተዳዳሪው በካውንት ፓለን እጅ አለፈ። ፓለን ከግርጌው ላይ አንድ ነገር ጨመረበት፦ ግርማዊነታቸው ዛሬ ትንሽ አሟቸዋል፣ ይህም መዘዝ ሊኖረው ይችላል የሚል። ዛሩ በዚያው ሌሊት በመኝታ ቤቱ ተገደለ። ከሴረኞቹ ዋናው ፓለን ራሱ ነው።

ክሩደነርን አስቡት። የልጁ የክርስትና አባት፣ ያሳደገው ጌታው ተገድሏል። አዲሱ ዛር፣ የጳውል ልጅ አሌክሳንደር፣ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ዕዳ አለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሚስቱ ቴፕሊትስ ወደሚባለው ፍል ውኃ ሄደች። ከዚያም ሐኪሞች ክረምቱን ደቡብ አገር እንዳሳልፍ አዘውኛል ብላ ጻፈችለት። በሰኔ 1802 ሞተ። ከሄደች ወዲህ ሳይተያዩ ቀሩ።

ሰማያዊ ነጠላ
የድሮ መዝገብ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ለሰውየውም ያሳዝናል። ግን በእሷም በኩል እንየው እንጂ ወንድሜ። ልጅቱን 18 ሳይሞላት አባትየው መርጦ ዳራት። ሙሽራዋ ወዲያው የእንጀራ እናት ሆነች። የአምባሳደር ሚስት ሥራ ደግሞ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም እንጂ ከባድ ነው። ግብዣ ታዘጋጃለች፤ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ታስባለች፤ ደክሟትም ቢሆን ትስቃለች። ሁለተኛ ልጇን ዩሊየትን በ1787 ኮፐንሃገን ከወለደች በኋላ በነርቭ ሕመም ተሠቃየች። ዛሬ ቢሆን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ብለን እናዝንላት ነበር። ያኔ «ተቀማጥላ ነው» አሏት።

ደግሞ አስተውሉ፦ ከባሏ ቤት ስትወጣ የእንጀራ ልጇን ሶፊን ይዛት ነው ፓሪስ የሄደችው። የሰው ልጅ አልጣለችም።

ፍሬ ነገር
እኔ ይህችን ሴት ማመን ያቅተኛል። ምክንያቴን ልንገራችሁ። በታኅሣሥ 1803 ፓሪስ ላይ «ቫለሪ» የሚለውን ልብ ወለዷን አሳተመች። ታሪኩ ያው የስታኪየቭ ነው፤ አንድ ወጣት ጸሐፊ የአምባሳደሩን ሚስት ወዶ በዝምታ የሚሞትበት። ባሏ ከሞተ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው! መጽሐፉ ሲወጣ ደግሞ ማንነቷን ደብቃ በየልብስ መደብሩ እየዞረች «የቫለሪ ባርኔጣ አላችሁ? የቫለሪ ሻርፕስ? የቫለሪ ሪባን?» እያለች ትጠይቅ ነበር። እንዲህ የሚባል ባርኔጣ በዓለም ላይ የለም። ነጋዴዎቹ ግን ፋሽን ያመለጣቸው መስሏቸው ያንኑ ስም እየሰጡ መሸጥ ጀመሩ። መጽሐፉም እንደ ጉድ ተነበበ።

ዝናን እንዲህ መሥራት የምትችል ሴት ከዓመት በኋላ «እግዚአብሔር ጠራኝ» ስትል እንዴት ልመናት?

ቀለም ወዳድ
ፍሬ ነገር፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን አመጣጡን ተመልከት። በ1804 ሪጋ ተመልሳ ሳለ አንድ የምታውቀው መኳንንት በቤቷ ደጅ ሲያልፍ አያትና ሰላም ሊላት ሲል እግሯ ሥር ወድቆ ሞተ። በጣም ደነገጠች። መጽናኛ ያገኘችው ከመኳንንቱ ዘንድ አይደለም፤ ከአንድ ጫማ ሰፊ ነው። ሰውዬው የሞራቪያ ወንድሞች የሚባለው ማኅበር አባል ነበር፤ በእምነቱ ደስተኛ ሆኖ አገኘችው። የግማሽ ንጉሡ ልጅ ከጫማ ሰፊ እግር ሥር ቁጭ ብላ ተማረች ማለት ነው። ለዝና ለሚኖር ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል?

ናፖሊዮን ከሩሲያና ከፕሩሲያ ጋር ከተዋጋበት ከኤይላው ጦርነት በኋላ በ1807 ደግሞ ኬኒግስበርግ ላይ ከፕሩሲያ ንግሥት ሉዊዘ ጋር ቁስለኞችን ታስታምም ነበር። ያኔ ዛሩን ገና አላገኘችውም።

ጥያቄ አለኝ
ዛሩን ታዲያ እንዴት አገኘችው? ዝም ብሎ ተነስቶ ወደ ዛር ቤት አይገባም።

የድሮ መዝገብ
መንገዱን ያገኘችው በሴቶች በኩል ነው። ሮክሳንድራ ስቱርዛ የምትባል የእቴጌይቱ ደንገጡር ነበረች። ክሩደነር ለእሷ በ1814 የጻፈችውን ደብዳቤ ሰው ሁሉ የናፖሊዮንን መመለስ የሚተነብይ ነው አለ። በመጋቢት 1815 ናፖሊዮን ከተጋዘባት ከኤልባ ደሴት ሲመለስ ደብዳቤው ጉድ አሰኘ።

በሰኔ 4 ቀን 1815 ዛሩ ጀርመን ውስጥ ሃይልብሮን ከተማ አድሯል። ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቶ ተቀምጧል፤ ልቡ ግን አልረጋም። ስለዚህች ሴት እያሰበ ሳለ መጥታለች አሉት። አስገቧት። ሦስት ሰዓት ያህል ተናገረችው። ንስሐህ ገና አልሞላም፣ ኃጢአትህን አልተውክም አለችው እንጂ አላቆላመጠችውም። ዛሩ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። የአባቱ ደም ሁሌ በሕሊናው ላይ እንደነበር አትርሱ። አባቱን ከዙፋን ለማውረድ የተዶለተውን ያውቅ ነበር።

ከዚያ ፓሪስ ድረስ ተከተለችው። እሱ ኤሊዜ ቤተ መንግሥት ሲያርፍ እሷ አጠገቡ ሆቴል ሞንሸኑ አረፈች። በሁለቱ መካከል የግል በር ነበር። ማታ ማታ ዛሩ በዚያ በር እየመጣ ጸሎት ላይ ይቀመጣል። ጸሎቱን የምትመራው እሷና አምፔታዝ የሚባል የጄኔቫ ወጣት ሰባኪ ናቸው። እንደ ሻቶብሪያን፣ ቤንዣመን ኮንስታንና ማዳም ሬካሚዬ ያሉ የፓሪስ ታዋቂ ሰዎች ሳይቀሩ ይመጡ ነበር።

ፍሬ ነገር
እሺ፣ ቅዱስ ኅብረት የሷ ነው አይደለም?

የድሮ መዝገብ
ውሉ የተፈረመው በመስከረም 26 ቀን 1815 ነው። ፈራሚዎቹ የሩሲያው ዛር፣ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥትና የፕሩሲያው ንጉሥ ናቸው። እንደ ክርስቲያን ወንድማማቾች እንኖራለን፣ ሕዝባችንንም እንደ አባት እናስተዳድራለን ይላል። እሷ ሐሳቡ የኔ ነው፣ ረቂቁንም አይቼዋለሁ ብላለች። ዛሩ ኋላ ላይ ይህን በመናገሯ ተቆጥቷታል።

እኔ የማምነው ሁለቱም ድርሻ እንዳላቸው ነው። አሌክሳንደር ስለ አውሮፓ ሰላም የሚያልመው ከ1804 ጀምሮ ነው። መንፈሱን፣ የጸሎቱን ቋንቋ ግን ያገኘው በዚያ በር ወጥቶ ሲገባ ነው። ያም ሆኖ የኦስትሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሜተርኒኽ ረቂቁን ተቀብሎ እጁን አስገባበት። ሕዝቦችም ወንድማማች ናቸው የሚል መንፈስ የነበረው ወረቀት የነገሥታት ወንድማማችነት ብቻ ሆኖ ወጣ። እንግሊዞች አልፈረሙም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ካስልሬይ የሚስጢረኞች ቅዠት ነው ብሎ አጣጥሎታል።

ራይን ዳር
ይሄን ክር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምኖረው ባዝል ነው። ቀለም ወዳድ ስለ ረሃቡ ዘመን ያልከው ቦታ እዚሁ አጠገባችን ነው። ግሬንሳኸር ሆርን ይባላል፤ ኮረብታው ወደ ራይን ወንዝ የሚወርድበት ጠባብ ቦታ። የስዊስና የጀርመን ድንበር የሚያልፈው በዚያ ነው። ዛሬ በስዊስ በኩል የኮረብታው ጥግ ትልቅ የመቃብር ቦታ ነው፤ አውቶቡስ ይደርሳል። ከመሀል ከተማ በእግርም ይኬዳል። ስለ እሷ የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አይገጥማችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያ 1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱና ጋዙ ሰማይ ላይ ወጥቶ ፀሐይን ከለለ። በ1816 እዚህ በጋ የሚባል ነገር አልመጣም። ዝናቡ አላባራ አለ፤ ከፍታ ቦታ ላይ በበጋ በረዶ ጣለ። እህሉ በማሳው ላይ በሰበሰ፤ ድንች መሬት ውስጥ ሻገተ። ያውም ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። በምሥራቅ ስዊዘርላንድ የሸማኔው ሥራ ደግሞ ቆሞ ነበር፤ ርካሽ የእንግሊዝ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶት። ሰው ሣር ቀቅሎ በላ። የዳቦ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ካንቶኖቹ (የስዊስ ክልሎች) እህል ከክልላችን አይወጣም እያሉ ድንበር ዘጉ። ሊተዛዘኑ ሲገባ ተዘጋጉ ማለት ነው።

ክሩደነር ያኔ ከባዝል ተባርራ ነበር። ድንበሩን ተሻግራ ባደን በሚባለው የጀርመን ግዛት በኩል ያለች አንዲት ቤት ያዘችና የመጣውን ሁሉ ማብላት ጀመረች። የምትሰጠው ሾርባና ዳቦ ነው። ጌጣጌጧን ሸጠች። ከስዊስ በኩል ረሃብተኛው እየተግተለተለ ድንበር አቋርጦ ወደሷ ይመጣ ነበር። የአምባሳደር ግብዣ ስታዘጋጅ የኖረች ሴት ገንቦና ጭልፋ አስይዛ ሕዝብ አሰለፈች። አብልታ ታስተምራለች፤ አስተምራ ታበላለች። ሀብታም ሆይ፣ ንብረትህ የድሃው አደራ ነው ትል ነበር።

ቀለም ወዳድ
እጅሽ ይባረክ ራይን ዳር! እኔ የፈለኩት ይሄን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርበት። የባደን መንግሥት ሕዝብ አትሰብስቢ ብሎ ሰዎቹን በወታደር ሲያስበትን ዝም አላለችም። በየካቲት 1817 ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለፎን ቤርክሃይም ረዥም ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ታትሞ ተሰራጨ። ሰው በረሃብ እየሞተ ለማብላት ፈቃድ ማን ይጠይቃል ነው የክርክሯ ፍሬ። በግንቦት ደግሞ የድሆች ጋዜጣ የሚል ወረቀት አወጣች። ስለ ድሃ የሚጻፍበት ጋዜጣ ሞልቷል፤ ለድሃ ተብሎ የወጣ ጋዜጣ ግን በዚያ ዘመን ስንት ነበር?

ፍሬ ነገር
ማብላቷን አልክድም፤ እሱ ሥራ ነው። ባለሥልጣኖቹም ግን ዝም ብለው ጨካኝ አልነበሩም። በአንድ ጠባብ ቦታ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲሰበሰብ በሽታ አለ፤ ስርቆት አለ። እሷ ደግሞ የዓለም ፍጻሜ ደርሷል፣ ወደ ምሥራቅ ሂዱ እያለች ትሰብክ ነበር። እውነትም ብዙ ድሃ ገበሬ ከደቡብ ጀርመን ንብረቱን ሸጦ ወደ ሩሲያ የተሰደደው በነዚያ ዓመታት ነው። ብዙዎቹ በመንገድ አለቁ። ይህን በእሷ ላይ ብቻ አልጭንም፤ ረሃቡም ግብሩም ነበር። ግን ድርሻዋን ማንሳት አለብን።

በዙሪያዋ የነበሩትንም እዩ። ፎንቴን የሚባል ቄስና ማሪ ኩመር የምትባል «ራእይ አያለሁ» ባይ ገበሬ ለዓመታት በገንዘቧ ኖረዋል። በ1809 የዉርተምበርግ ንጉሥ ኩመርን አሰረ፤ ክሩደነርንም ከግዛቱ አባረራት። ሰው አማኝ ሲሆን ጥሩ ነው፤ መለየትም ግን ያስፈልጋል።

ሰማያዊ ነጠላ
ፍሬ ነገር ያልከውን እቀበላለሁ። ፎንቴንና ኩመር በልተዋታል። ግን አንድ ጥያቄ፦ ሆርን ላይ ማን በላት? እዚያ የበላው የራበው ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያኔ ልጇ ጳውል በርን የሩሲያ መንግሥት ተወካይ ነበር። እናቱን ከባዝል፣ ከሉሰርን፣ ከየካንቶኑ በፖሊስ ሲያባርሯት የሚመጣው አቤቱታ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። የአባቱን ሥራ ይዞ ለቀጠለው ልጅ የገዛ እናቱ የመዝገብ ጉዳይ ሆነችበት። ኋላ በ1827 ዋሽንግተን ተሾሞ ለዓመታት አገልግሏል። በርን ላይ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ይሆን?

ራይን ዳር
ለእኛ አገር ታሪክ ቅርብ የሆነ ነገር ላንሳ። ከዚያው ኮረብታ በላይ ሰንት ክሪሾና አለ። በ1840 ሽፒትለር የሚባል የባዝል ሰው የሚስዮን ትምህርት ቤት ከፍቶበታል። ከዚያ የወጡ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የመጡትና ጋፋት ላይ መድፍ ያበጁት፤ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ሌሎችም። ክሩደነር ከዚህ ጋር በቀጥታ ግንኙነት የላትም። በባዝል ዙሪያ ያለው እንዲህ ያለ የጸሎት ሕዝብ ግን እሷ ስትሰብክ ከሰማትና ከተከራከረባት ማኅበረሰብ የወጣ ነው።

ጥያቄ አለኝ
መጨረሻዋ ምን ሆነ? ዛሩስ ረሳት?

የድሮ መዝገብ
ስዊዘርላንድና የጀርመን ግዛቶች ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበሉ በፖሊስ አጅበው ወደ ሩሲያ ድንበር ሰደዷት። በ1818 ሊቮንያ ውስጥ ኮሴ የሚባል ርስቷ ገባች። ከተከታዮቿ ብዙዎቹ ግን ድንበር ላይ ተከልክለው ቀሩ። ኋላ የልጇ ባል ታሞ ሴንት ፒተርስበርግ እንድትገባ ተፈቀደላት።

እዚያ እያለች በ1821 ግሪኮች በቱርክ ላይ ተነሱ። ክርስቲያኖቹን አድን ብላ ዛሩን በአደባባይ ወተወተችው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳዝነው። አሌክሳንደር ያኔ በሜተርኒኽ መንገድ ገብቷል። በንጉሥ ላይ የተነሳ ሁሉ አመፀኛ ነው ይላል፤ ምክንያት የሚያደርገውም ያንኑ ቅዱስ ኅብረት ነው። እሷ የጸለየችበት ወረቀት በእሷ ላይ ተመዘዘ። ዛሩ ረዥም፣ ትሕትና ያለው ደብዳቤ ጽፎ ከተማውን ለቀሽ ሂጂ አላት።

ፍሬ ነገር
ስለ ግሪኮቹ አላውቅም ነበር። ዛር ፊት ያን መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ያውም ጓደኛው የነበረች ሴት፣ ዝም ብትል ቤተ መንግሥት አካባቢ ተከብራ የምትኖር።

ቀለም ወዳድ
እኔም ለዚህ ነው ከሆርን ጋር አንድ ነገር ነው የምለው። ሥልጣን ላለው ሰው አጠገቡ ስትቆም የተናገረችው ከዚያ ርቃ ከምትናገረው አይለይም።

በ1824 ከልዕልት አና ጎሊትሲን ጋር ሆና ወደ ክሪሚያ ሄደች። ልጇ ዩሊየትም አብራት ነበረች። እዚያ ለስደተኞች መንደር ለመመሥረት ነው ሐሳባቸው። ጤናዋ ግን አልቋል። በታኅሣሥ 25 ቀን 1824 ካራሱባዛር ላይ ሞተች። ዛሩም ዓመት ሳይሞላው ታጋንሮግ ላይ ሞተ፤ ከክሪሚያ ብዙም አይርቅም።

ሰማያዊ ነጠላ
ስለ ዩሊየት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን። ኮፐንሃገን ከተወለደች ጀምሮ እናቷን ተከትላ አውሮፓን ዞራለች፤ ያገባችውም ከእናቷ ተከታዮች አንዱን፣ ባሮን ፎን ቤርክሃይምን ነው (ሚኒስትሩን አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው)። ሆርን ላይ ሾርባውን ስታድል የነበረችው እሷም ትመስለኛለች። እስካሁን በዚህ ክር ስለ እሷ የተናገርነው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።